ትጊዬ፣ ቮይስሽን ሰምቼዋለሁ

ትጊዬ እንዴት ነሽ፣ እማዬ አባዬ ሁሉም ሰላም ናቸው አይደል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በቃ ሰላምታው ይብቃን። ቮይስሽን ከሰማሁት ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፣ ሰምታ ዝም አለችኝ ብለሽ ስትብከነከኚ እንደከረምሽ አውቃለሁ። ስንቴ መልስ ልልክ ጀምሬ አጠፋሁት መሰለሽ፣ ገና "ትጊዬ" ስል ድምፄ ይሄድብኛል፣ ከዛ እናንተ ታለቅሳላችሁ እኔም አለቅሳለሁ፣ ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። ረጅም ነው፣ ቡና ይዘሽ አንብቢው። ለእማዬ ስታነቢላት ደግሞ ዝለይ ያልኩሽን ዝለይ እሺ።

"ለሰርጌ ቃል የገባሽው ብር ለውሻ ሐኪም ሄደ አሉ" ብለሻል። ማን እንዳለሽ አውቄያለሁ፣ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ካንቺ ጋር በቴሌግራም የምታወራ አንድ የአክስት ልጅ ናት ያለችን። ይሁን። ውሸት ነው አልልሽም፣ እውነት ነው። ግን ግማሹን ነው የነገረችሽ።

ከዚህ ጀምሮ ለእማዬ አታንብቢላት። የምንከባከባቸው ሴትዮ ጥቅምት ላይ አርፈዋል። አልነገርኳችሁም አዎ፣ ሥራ የለኝም ብላችሁ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው። አሁን ሌላ ቦታ በሳምንት ሦስት ቀን እየገባሁ ነው፣ ከገና በኋላ ይሞላልሻል ብለውኛል፣ ስለዚህ ምንም አልሆንኩም። ግን አራት ዓመት ያጠብኳቸው ያበላኋቸው ሰው ናቸው፣ ልጆቻቸው መጥተው በሁለት ቀን ቤቱን ባዶ አደረጉት፣ ሰዓቱን አንዱ፣ ሳህኑን አንዷ፣ ውሻዋ ሁለቱን ቀን አልጋ ስር ነበረች፣ በልታለች ወይ ያለ ሰው የለም። ሴት ልጃቸው አለርጂ አለባት፣ ወንዱ የሚኖርበት ሕንፃ ውሻ አይፈቅድም፣ ወደ መጠለያ እንውሰዳት አሉ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ያረጀ ውሻ ማን ይወስዳል? ሦስት ኪሎ ናት ትጊዬ፣ አንድ ፌስታል ሽንኩርት በያት። ካፖርቴ ውስጥ አድርጌያት አውቶቡስ ይዤ ቤት ገባሁ። በቃ እንደዛ ነው የሆነው፣ አስቤበት አይደለም።

ስሟ በእንግሊዝኛ ፒናት ነው፣ እኔ ኦቾሎኒ ነው የምላት፣ አሁን በአማርኛው ስጠራት ትመጣለች።

እሺ አሁን ለእማዬ ማንበብ ትችያለሽ። እማዬ በቪዲዮ ያየቻት ቀን ያለችውን ታስታውሻለሽ? "ቤት ውስጥ? ሥዕለ አድኅኖ ያለበት ቤት? ጸበል ርጪበት ልጄ!" አልጋ ላይ አትወጣም በያት። (ትወጣለች።) እኔ እኮ የዛው ቤት ልጅ ነኝ፣ ውሻችንን መቻልን አልረሳሁትም። መቻል በር ላይ ታስሮ ትራፊ ይበላ ነበር፣ ሲተርፍ ጠግቦ ሳይተርፍ ጾሙን ያድር ነበር፣ ቅዳሜ አባዬ ከአሞራ ገደል፣ ከሐይቁ ዳር ገበያ ዓሣ ይዞ ሲመጣ ብቻ ጭንቅላቱ ተቀቅሎ ይሰጠው ነበር፣ እነዛ ትላልቅ ወፎች አባ ኮዳዎቹ ከተረፉለት ማለት ነው። ስንት ግራም በላ ያለው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ውሻ በልክ ስትበላ፣ ሐኪም ስትታይ ስትሰሚ ጥጋብ ቢመስልሽ አይገርመኝም፣ እኔም መጀመሪያ እዚህ ስመጣ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር።

ግን መያዝ ሲመጣ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ሦስት ቀን አልበላ አለች። ሴትዮዋን ነው የምትፈልገው፣ ኮቴ በሰማች ቁጥር በር በሩን ታያለች። እኔ ደግሞ እንደ ሀበሻ አሳዘነችኝና እንጀራ በሽሮ አጠቃቅሼ አቀረብኩላት፣ እሱን ላሰችው። ደስ ብሎኝ ለሐኪሟ ስናገር ልትጮህብኝ ምንም አልቀራት። ሽንኩርት ለካ ለውሻ መርዝ ነው፣ ቀዩም ነጩም፣ ጥሬውም ብስሉም፣ ቀይ የደም ሴላቸውን ያፈርሰዋል፣ ትንሽ ውሻ ላይ ደግሞ ትንሹም ይበዛል። ያለ ሽንኩርት ደግሞ የኛ ወጥ ምኑ ወጥ ነው? ዘቢብና ወይን ኩላሊታቸውን ይጎዳል፣ ቸኮሌት አይሆንም፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ከኛ ኩሽና ምን ቀረ በይኝ። ጨው የሌለው ቅቅል ዶሮ በሩዝ አድርጌ ነው ያስጀመርኳት፣ ከዛ ሴትዮዋ ጋ የለመደችውን ደረቅ ምግብ አገኘሁት ግን ውድ ነው፣ በሌላ ልቀይረው ስል በአንዴ አትቀይሪ ሆዷ ይበላሻል ተባልኩ፣ መጀመሪያ ሩብ አዲሱን፣ ከሁለት ቀን በኋላ ግማሽ፣ እንዲህ እያደረግኩ በሳምንት አለመድኳት። ጠዋት አንድ ስኒ ማታ አንድ ስኒ፣ ሁለቱም ያልሞላ፣ ውፍረት እንዳይመጣባት። መስፈሪያው እማዬ ሰው ይዞ ሲመጣ የላከችልኝ የቡና ስኒ ነው። ወይኔ ይቺንም ዝለይ።

ጫማ ገዛችላት ተብሎም ተስቋል አይደል? ትጊዬ እዚህ ውጭው ዛሬ ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ነው። በረዶው እንዲቀልጥ አስፋልቱ ላይ ጨው ይበትኑበታል፣ ጨው ደግሞ መርገጫቸውን ያቃጥለዋል፣ ሲልሱት ያማቸዋል፣ ሦስት ኪሎ ገላ ደግሞ አምስት ደቂቃ ውስጥ ነው የሚቀዘቅዘው። ጫማው ያገለገለ ነው፣ አራቱም በስምንት ዶላር። እኔ የምለብሰውን ካፖርት ከየት እንዳመጣሁት ግን የጠየቀኝ የለም። በቃ ተይው።

አሁን ወደ ብሩ ልምጣ። ኅዳር ላይ ወደ ሀገር የሚሄድ ሰው አገኘሁ፣ ለአባዬ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ አራት ፓኬት እና አፉ ሲደርቅበት የሚያኝከው ስኳር የሌለው ማስቲካ ገዛሁ፣ ያው ሻይ ያለ ስኳር ጠጣ እየተባለ ሲነጫነጭ ስለምሰማው ይቺ እንኳን ትጣፍጠው ብዬ። ቦርሳውን ዚፑን ሳልዘጋ ወለል ላይ አስቀምጬ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ማስቲካው ተቀዶ ሦስት ፍሬ ጎድሏል፣ ኦቾሎኒ ልትቀበለኝ ስትመጣ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች፣ አስመልሷታል። መጀመሪያ በረደኝ እያለች ነው ያልኩት። ከዛ ፓኬቱን አንስቼ አነበብኩት፣ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለበት። ለሰው ምንም አይልም፣ ለአባዬ ችግር የለውም አትፍሪ፣ ውሻ ውስጥ ሲገባ ግን ቆሽቷ ስኳር የመጣ መስሎት ኢንሱሊኑን ይለቀዋል፣ ደሟ ውስጥ ያለው ስኳር በደቂቃዎች ዱብ ይላል፣ ሲብስ ጉበት ይበላል። ለሷ ክብደት አንድ ሁለት ፍሬም ይበቃል አሉኝ። ስደውል "ድዷ ላይ ማር ቀቢያትና አሁኑኑ አምጫት" አሉ፣ በጣቴ ማር እየቀባሁ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

መለኪያው የአባዬ ዓይነት ነው ትጊዬ። ያቺኑ ትንሽ ጠብታ ደም ወስደው ስትሪፑ ላይ አደረጉ፣ 2.1 አለ። እዚህ በሌላ መስፈሪያ ነው የሚያነቡት፣ በአስራ ስምንት ሲባዛ በአባዬ መሣሪያ 38 ማለት ነው። እዛው ቆሜ በልቤ አባዛሁት። ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ሐኪሟ ሁለት ሌሊት ግሉኮስ ላይ ትተኛለች፣ ጉበቷም ይታያል፣ ይሄን ያህል ይሆናል፣ ካልቻልሽ ግን ሳያማት ማስተኛትም አለ አለችኝ። ማስተኛት ማለት መግደል ነው፣ በጨዋ ቋንቋ። 1,380 ዶላር። እኔ የሰርግሽ ብር ባንክ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ሳላስብ ነው ካርዱን የሰጠሁት ብልሽ እዋሻለሁ፣ አስቤያለሁ፣ አንቺንም አስቤያለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት አባዬ መርፌውን ወግቶ ሳይበላ ቅዳሴ ሄዶ ገብርኤል በር ላይ የወደቀ ቀን፣ እኔ የሰማሁት በአራተኛው ቀን ነው። ከአራት ቀን በኋላ! እናንተ እንዳልደነግጥ ብላችሁ ነው፣ አልቀየምም፣ እኔም የማደርገው እሱኑ ነው። ያ የባጃጅ ልጅ ሮጦ ሚሪንዳ ገዝቶ ያጠጣው፣ በራሱ ብር፣ እስካሁን ስሙን አናውቅም አይደል? እኔ ያን ቀን እዚህ የሰው እናት ገላ እያጠብኩ ነበር። ይቺ ውሻ እጄ ላይ ስትንቀጠቀጥ ያየሁት እሱን ነው፣ ማየት የነበረብኝን ያላየሁትን። ለአባዬ ብዬ በገዛሁት ማስቲካ፣ እኔው ዚፑን ባልዘጋሁት ቦርሳ። ሳያማት ትተኛ ማለት አቃተኝ። ከፈለግሽ ጅል በይኝ፣ ግን ውሻ ካንቺ በለጠባት አትበዪ፣ እሱን ቃል ቮይስሽ ላይ አሥር ጊዜ መልሼ ሰምቼዋለሁ።

ድናለች። ጉበቷም ደህና ነው።

አሁን ስሚኝ። ዛሬ 300 ልኬያለሁ፣ ነገ ባንክ ሂጂ። ከጥምቀት በፊት 400፣ የቀረው ደግሞ ከመልሱ በኋላም ቢሆን ይመጣል፣ አዳራሹን አስቀድሙ፣ ቪዲዮ አንሺውና ዲጄው ይታገሱ። ፎቶውን ግን ፍቅር ሐይቅ ጋ ካልተነሳሁ ብለሽ እንዳትጨቃጨቂ፣ ቅዳሜ እዛ የሙሽራ ሰልፍ ነው፣ በጠዋት ውጡ፣ ሐይቁ ገና ጭጋጉ ሳይነሳ፣ ወፎቹ ብቻ ሲሆኑ። እኔ ስንት ጊዜ እዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በሰርጌ ቀን እያልኩ አስቤያለሁ። ወረቀቴ እስኪያልቅ መውጣት አልችልም፣ ታውቂዋለሽ። እህቷ የት አለች ሲሉሽ ሥራ በዝቶባት በያቸው። ሚዜዎቹ ምን ዓይነት ቀለም ይለብሳሉ? አባዬ ጉልበቱን ስትስሚ ሊያለቅስ ነው፣ አንቺ አታልቅሺ ሜካፑ ይበላሻል፣ ኧረ አልቅሺ ምን አገባኝ። ያን ሰዓት አንድ ሰው ስልክ ይያዝልኝ፣ እዚህ ሌሊት ነው ግን ነቅቼ እጠብቃለሁ፣ ኔትወርክ ቢቆራረጥም አትዝጉብኝ።

ስለ አባዬ ደግሞ። ጾም ነው፣ ገብርኤልም ደረሰ፣ አሥራ ዘጠኝ ላይ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ እሱ ደግሞ እንግዳ እያለ ምሳ አይበላም። የንስሐ አባቱ ለበሽተኛ ፈቅደውለታል፣ እሱ ነው እልኸኛ። መርፌ ወግቶ ሳይበላ ከቤት እንዳይወጣ፣ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይኑር፣ ስኳር ያለው እውነተኛው ከረሜላ፣ ሲንቀጠቀጥ ሲያልበው እሱ ነው የሚያድነው፣ ማስቲካው ለዛ አይሆንም። ራሱን ከሳተ ደግሞ አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፣ ትን ይለዋል፣ ወደ ሐኪም ነው። ማስቲካውን አዲስ ገዝቼ ልኬያለሁ። ግቢ ላለው ቡችላ እንዳይወረውርለት ንገሪው፣ የሚበላውን ሁሉ ማካፈል ይወዳል። ቡችላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተወግቷል? ካልተወጋ ከሰርጉ በፊት ውሰዱት፣ ግቢው ልጅ በልጅ ነው የሚሆነው፣ እሱን ብር እኔ እችላለሁ፣ ሳቂ እንግዲህ።

እና የአባዬን እግር ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። መርገጫውን፣ በጣቶቹ መሀል ሳይቀር፣ ብርሃን ላይ። ለሰርጉ አዲስ ጫማ ተገዝቶለታል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ቢጠበው አይናገርም፣ ቢቆስልም አይሰማውም፣ ስኳሩ እግሩን አደንዝዞታል። ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ በካልሲ ትንሽ ትንሽ እያደረገ ያለማምደው፣ ማታ ማታ አውልቀሽ እዪለት።

ኦቾሎኒ በር ላይ ቆማ እያየችኝ ነው፣ ሽንቷ መጥቷል። ጫማዋን ላድርግላት።

እህትሽ