አባቴ፣ የዚያን ሰው ምስክርነት ለምን ጣላችሁት?

ይድረስ ለአባቴ፤ ደብረ ኤልያስ።

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ልጆቹም ደህና ናቸው። መንገዱ ሰላም ቢሆን ኖሮ ባሕር ዳር ተቀምጬ አልጽፍልዎትም ነበር። መጥቼ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ ነበር የምነግርዎት። በስልክ ደግሞ ይህ ነገር አይሆንም። መስመሩ ይቆራረጣል፣ እርስዎም ይቆጣሉ።

የአስተማሪዬ ነገር ነው። እህቴ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ድንበሬ ተገፋ ብላ ሽማግሌ ስትጠራ፣ የድንበሩ ድንጋይ ድሮ የት እንደነበር አስተካክሎ የሚያውቀው እሱ ነበር አሉ። ወንጌል መትተህ ተናገር ተባለ። እሱም ያየሁትን እናገራለሁ፣ በማላምንበት ግን አልምልም አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይስማው! ማተብ የሌለው ሰው ምን ብሎ ይመሰክራል ተባለ። አንዱ "ከሃዲ" ብሎ ምራቁን ተፋ። የሴትዮዋ አንድ ቃዳ መሬት በዚያው ቀረ። እርስዎ መሐል ላይ ተቀምጠው ነበር። አንድም ቃል አልተነፈሱም አለችኝ።

እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ዝምታዎ ነው።

አባቴ፣ ያ ሰው መዋሸት ቢፈልግ ምን ይቸግረው ነበር? አንገቱ ላይ ክር አስሮ፣ መጽሐፉን መትቶ ቢናገር ቃሉን ትቀበሉት ነበር። ለመሐላ ሲል እንኳ አልዋሽም ስላለ ውሸታም ሆነ። እኔ በጥብቅና ሥራዬ ስንቱን አይቻለሁ መሰለዎት! ወንጌል መትቶ የሰው ርስት የሚያስበላ ምስክር አይቻለሁ። ማተቡ አንገቱ ላይ ነበር።

ሕጉም ይህን ያውቀዋል። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምስክር ከመናገሩ በፊት ይማል ወይም ያረጋግጥ ነው የሚለው። ይህ የወጣው በንጉሡ ዘመን ነው፤ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት አንድ ላይ በነበሩበት ጊዜ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሕሊናንና የሃይማኖትን ነጻነት ሲሰጥ፣ ለማንኛውም ሰው ነው የሰጠው። ሽምግልና ፍርድ ቤት አይደለም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ልክ ነው። ግን ለዚያች ሴት ፍርድ ቤቷ እናንተ ነበራችሁ።

ፍርሃትዎ ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ እሳት ዳር ነግረውኛል። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ የአገርዎ ሰው ናቸው፤ እዚያው ደብረ ኤልያስ የተወለዱ። ደርግ በ1968 ከመንበራቸው አወረዳቸው፣ በ1971 ገደላቸው። አጽማቸው እንኳ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያኑን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም በዚያው በ1971 ነው የገደሏቸው። ስለዚህ አንድ ሰው አምላክ የለም ሲል እርስዎ የሚሰማዎት የእነዚያ ገዳዮች ድምፅ ነው። አልፈርድብዎትም። ግን አስተማሪዬ ማንን ገደለ? ደርግ ሰውን በእምነቱ ምክንያት ከሰው ተራ አወጣ። በዚያ ቀን እናንተስ ያንን ሰው ምን አደረጋችሁት? ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ግን ልጅዎ ካልነገረችዎ ማን ይነግርዎታል?

ደቀ መዛሙርትዎን ይጠይቋቸው። አኩፋዳቸውን አንግተው "በእንተ ስማ ለማርያም" ሲሉ እሱ ደጅ ባዶ እጃቸውን አይመለሱም። ውሻውን አስሮ ነው የሚጠብቃቸው። የበቆሎ ቂጣም ቢሆን፣ የተቀቀለ ድንችም ቢሆን አያሳጣቸውም። አሁን ከዕድር እናስወጣው የሚሉ አሉ ሲባል ሰማሁ። እሱ እኮ ከመንደሩ ለቅሶ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስዎት። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ሊድሩኝ ነበር። ድግሱ ተጠንስሶ፣ ጌሾው ተወቅጦ ነበር። ያኔ ማታ ቤታችን መጥቶ፣ መደቡ ላይ ተቀምጦ የለመነዎት እሱ ነው። "ይህች ልጅ ትማራለች፤ እኔን ይመኑኝ" አለዎት። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ያኔም ቤተ ክርስቲያን እንደማይስም አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እርስዎ ግን ማል አላሉትም። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና "እሺ፣ ቃልህን ይዣለሁ" አሉት። ዛሬ ጠበቃ የሆንኩት በዚያች ማታ ነው።

ማተቤን አልበጠስኩም፤ በዚህ አይስጉ። ሁዳዴንም እጾማለሁ። ይህን የምጽፈው ከሃይማኖቴ ወጥቼ አይደለም።

የምለምንዎት ሽማግሌዎቹን መልሰው እንዲሰበስቧቸው ነው። እርስዎ ከጠሩ ይመጣሉ። ያንን ሰው ያስቀምጡትና ድንጋዩ የት ነበር ብለው ይጠይቁት። እውነት እንደሚናገር በቃሉ ያረጋግጥ፣ ከዚያ ይስሙት። ሌላ ምስክር ካለም ይሰማ። ከዚያ በኋላ የምትፈርዱትን ፍረዱ።

ዓይንዎ ስለደከመ ደብዳቤውን እህቴ ታነብልዎታለች፤ ሰው በሌለበት እንድታነብልዎት ነግሬያታለሁ። መነጽሩ ተሠርቷል። የሚመጣ ሰው እንዳገኘሁ እልካለሁ።

ልጅዎ፣ ከባሕር ዳር።