ከማስታወቂያው ውጭ ስለተጠየቀ የቤት ኪራይ ዋጋ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ መስከረም 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለቤት አፈላላጊ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በማስታወቂያ ከተገለጸው ዋጋና ቦታ ውጭ ስለተሰጠኝ አገልግሎት ቅሬታ ስለማቅረብ

በሥራ ዝውውር ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር የመጣሁ የሁለት ልጆች እናት ስሆን፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ቤት ለማግኘት ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ድርጅታችሁ ቀርቤ 1,500 ብር የአገልግሎት ክፍያ ፈጽሜ ተመዝግቤያለሁ። ወደ እናንተ የመጣሁትም ነሐሴ 24 ቀን በቴሌግራም ገጻችሁ የወጣውን «ፔዳ አካባቢ፣ ባለሁለት መኝታ፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ በወር 9,000 ብር» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ነው።

በማግሥቱ ሠራተኛችሁ ወስዶ ያሳየኝ ቤት ግን ድልድዩን ተሻግሮ ዓባይ ማዶ፣ ከአስፋልቱም ወደ ውስጥ ሃያ ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ነው። ቦታውን አልናቅሁትም፤ ግቢው ንጹሕ፣ አከራይዋም ቅን እናት ናቸው። ነገር ግን እንደ እኔ የማታ ተረኛ ለሆነ ሰው፣ ባጃጅ ከመሸ በኋላ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ፔዳና ዓባይ ማዶ አንድ አይደሉም፤ ይህንንም ስመዘገብ በቅጹ ላይ አስፍሬ ነበር። የራሱ ነው የተባለው ቆጣሪ ከዋናው ቤት ጋር የጋራ ሆኖ ተገኝቷል። የጓዳውን ቧንቧ ስከፍተው ጥቂት አንጠባጥቦ ቆመ፤ ውሃው በፈረቃ እንደሚመጣ የተረዳሁትም በደጅ የተደረደሩትን ሦስት በርሜሎች አይቼ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ የዋጋው ነገር ነው። ሠራተኛችሁ እዚያው በር ላይ ቆሞ ኪራዩ 12,500 ብር፣ ቅድሚያ ክፍያውም የስድስት ወር፣ ማለትም 75,000 ብር መሆኑን ነገረኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው «አዲሱ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ ዓባይ ማዶ ተወዷል» አለኝ። 380 ሜትር ርዝመት ያለው ይህ ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ሲሆን ማስታወቂያው የወጣው ከዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ፣ ድልድዩ ያመጣው ጭማሪ ቢኖር እንኳ በ9,000 ብሩ ውስጥ ቀድሞ ገብቷል። በሦስት ቀን ውስጥ 3,500 ብር ያስጨመረው ምን እንደሆነ ያወቅሁት ሠራተኛችሁ ስልክ ሊያነጋግር ወጣ ሲል አከራይዋን ጠይቄ ነው። «ልጄ፣ እኔስ ዘጠኝ ሺህ ይበቃኛል ብዬ ነበር፤ ገበያው ጨምሯልና ይጨምሩ ያሉኝ እነሱ ናቸው» አሉኝ።

የድለላ ክፍያችሁ የግማሽ ወር ኪራይ ነው። በ9,000 ብር ቢከራይ 4,500፣ በ12,500 ቢከራይ ደግሞ 6,250 ብር ታገኛላችሁ። ለድርጅታችሁ 1,750 ብር እንዲጨመርለት እኔ በዓመት 42,000 ብር ተጨማሪ እንድከፍል ተፈረደብኝ ማለት ነው። ቤት ፈልጉልኝ ብዬ ገንዘብ የከፈልኩት ድርጅት በእኔው ላይ ዋጋ ሲያስጨምር ማየት እጅግ ያማል፤ ልጆቼም እስከ ዛሬ ድረስ በዘመድ ቤት ሳሎን ፍራሽ አንጥፈው ያድራሉ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም፣ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሎች በሚወስኑት መሠረት ቢሆንም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ መደንገጉ የስድስት ወር ጥያቄያችሁ ምን ያህል ከልክ ያለፈ እንደሆነ ያሳያል።

ስለሆነም የከፈልኩት 1,500 ብር በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመለስልኝ፣ ማስታወቂያውም የቤቱ ትክክለኛ አድራሻ፣ የቆጣሪውና የውሃው ሁኔታ ተገልጾበት በአከራይዋ ዋጋ እንዲታረም እጠይቃለሁ። ከእንግዲህ ለሚመጣ ተከራይም አከራዩ የጠየቀው ዋጋና የእናንተ ድለላ ለየብቻ ተጽፎ ቤቱን ከማየቱ በፊት ሊሰጠው ይገባል። ምላሻችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ በተጠቀሰው ጊዜ ካልደረሰኝ የከፈልኩበትን ደረሰኝና የማስታወቂያውን ቅጂ አያይዤ ለከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ አቤቱታ አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የአመልካች ፊርማ