ለተመላላሽ ክፍሉ ሠራተኞች እና ለሳሪስ ሰዎች፦ እግዜር ይስጥልን

ይህን የምጽፈው ልጄን አስፈቅጄ ነው። «ስሜን ካልጠራህ ጻፍ» ብላኛለች። 15 ዓመቷ ነው፣ 9ኛ ክፍል ናት። የድባቴ ሕክምናዋን በተመላላሽ እየተከታተለች ነው። ተመስገን፣ ዛሬ ትስቃለች፣ ከወንድሟም ጋር ትጣላለች።

ሲስተር፣ መጀመሪያ እርስዎን ላመስግን። የመጀመሪያው ቀን «አባቷ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁን» ሲሉኝ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ኋላ ልጄ አጫወተችኝ። «የምትነግሪኝ እዚሁ ይቀራል፤ ራስሽን ለመጉዳት ካሰብሽ ግን ለቤተሰብ እናገራለሁ» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። ለእኛ ትንፍሽ ያላለችውን ሁሉ የዘረገፈችው ያን ቀን ነው።

እኛ ቤት ብቻ የገባ ጉድ መስሎን አንገታችንን ደፍተን ነበር። በዓለም ላይ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ሲነግሩን እናቷ ቀና አለች።

የቤት ሥራዋን ደግሞ በደብተር ወረቀት ጻፉላት። ጠዋት 1 ሰዓት መነሣት። ፊት መታጠብ። ከወንድሟ ጋር ዳቦ ቤት ደርሶ መመለስ። በቃ። «ደስ እስኪልሽ አትጠብቂ፤ ሂጂ፣ ደስታው ከኋላ ይመጣል» አሏት። መጀመሪያ ሰሞን እየተነጫነጨች ነበር የምትሄደው። አንድ ጠዋት ግን ከዳቦው ጋር ለራሷ ፓስቲ ገዝታ መጣች። እህል አልቀምስ ያለች ልጅ! እናቷ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ዶክተር፣ ፍሉኦክሰቲን የሚባለውን የድባቴ ኪኒን ሲያዝዙላት «ለውጡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ ከተቁነጠነጠች ወይም ክፉ ሐሳብ ከበዛባት ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ፤ ኪኒኑ በእናቷ እጅ ይሁን» ብለው ባያስጠነቅቁን በሳምንቱ «አልሠራም» ብለን ጥለነው ነበር።

የንስሐ አባታችንም ይባርኩን። «ፀበሉንም ትጠመቅ፣ ኪኒኑንም ትዋጥ» ባይሉ ኖሮ አያቷ መድኃኒቱን ያስጥሏት ነበር። እሳቸውን ማን ይችላቸዋል!

የትምህርት ቤቷ ዩኒት ሊደር፣ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ «ሕክምና» ብቻ ብለው ጽፈው ዝም አሉ። የክፍል ጓደኞቿ እስካሁን አያውቁም። ማታ አልጋዋ ላይ አድራ፣ ጠዋት ትምህርቷን እየተማረች መታከም መቻሏ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

መመላለሱ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የካርድ ክፍሉ ሰልፍ፣ ታክሲው፣ የሚባክነው ቀን። እኔ የሚኒባስ ሾፌር ነኝ፤ ካልሠራሁ ገቢ የለም። የሳሪስ ተራ አስከባሪዎች፣ በቀጠሮ ቀን አርፍጄ ስመጣ ያለ ሰልፍ ያስገባችሁኝን አልረሳም። ሌሎቹ ሾፌሮችም አላጉረመረማችሁም፣ ይህ ደግሞ በእኛ ሰፈር ተአምር ነው። የመኪናው ባለቤት ሳልጠይቃቸው የግማሽ ቀን ገቢ ትተውልኛል። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ሲጠፋ ረዳቴ ከአንዱ የከነማ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ዞሮ አምጥቶልኛል።

ከተሻላትም በኋላ ቢያንስ 6 ወር መድኃኒቱን መቀጠል አለባት ተብለናል፤ ስለዚህ ገና አብረን ነን። ጎረቤቶቼ፣ ስታገኟት ስለ ሕመሟ አትጠይቋት። ስለ ፊዚክስ ፈተናዋም ባትጠይቋት ደስ ይላታል።

ሲስተር፣ ማክሰኞ ድፎ ዳቦ ይዘን እንመጣለን። «ስጦታ አንቀበልም» እንደሚሉ አውቃለሁ። እሱን ከእናቷ ጋር ተነጋገሩ።

አባቷ