ሉዊ የሚለው ስም ስሩ ጀርመናዊ ነው

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ባለፈው ስለ ስሞች ያወጣችሁትን ፅሁፍ ወድጄዋለሁ ግን ሉዊን ዝም ብላችሁ የፈረንሳይኛ ስም ነው ብላችሁ ማለፋችሁ በጣም ከነከነኝ። ስሙ የመጣው ድሮ የዛሬዋን ፈረንሳይ ይገዙ ከነበሩት ህዝቦች ከፍራንኮች ነው፣ እነሱ ደሞ የሚናገሩት ጀርመናዊ ቋንቋ ማለትም የዛሬው ጀርመንኛ ዘመድ የሆነ ቋንቋ ነበር። ድሮ ህሉድቪግ ነበር የሚባለው፣ ህሉድ ዝነኛ ማለት ነው ቪግ ደሞ ጦርነት፣ በቃ በጦርነት ስሙ የገነነ እንደማለት። በ511 እ.ኤ.አ. የሞተው የፍራንኮች ንጉስ ክሎቪስ ራሱ ስሙ ይሄው ነው እኮ! ያቺ የመጀመሪያዋ «ህ» በጉሮሮ ጠንከር ተደርጋ ስለምትባል በላቲን ሲፅፉት ክሎዶቬኩስ አሉት፣ በኋላ ድምፁዋ ጠፋችና ሉዶቪኩስ ሆነ፣ ከዛ እያጠረ እያጠረ ሄዶ ሉዊ። ፈረንሳዮች ነገስታቶቻቸውን እስከ 18ኛው ሉዊ ሲቆጥሩ ክሎቪስን አይጨምሩትም፣ ስሙ ግን አንድ ነው፣ እኔ ይሄ ሁሌ ይገርመኛል። ጀርመኖቹ እንደ ሙዚቃ ደራሲው ቤትሆቨን ስም ሉድቪግ ይሉታል፣ ጣልያኖች ሉዊጂ፣ ሀንጋሪዎች ላዮሽ፣ ሴት ስትሆን ሉዊዛ። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም አስተካክሉት፣ ልጁን ሉዊ ብሎ የሰየመ ሰው የስሙን ትርጉም በትክክል ማወቅ አለበት።