ስለዚያች ጠባሳ
ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከረምህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ የላከችልህ በሶ እንደደረሰህ ተስፋ አለኝ። ዛሬ የምጽፍልህ በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ የዘጋሁትን ነገር ነው።

በቀኝ ብሽሽትህ ላይ ያለችው ጠባሳ የቡአ አይደለችም። ስትወለድ የቀኙ ቆለጥህ ወደ ቦታው አልወረደም ነበር። ቀናቸው ሞልቶ ከሚወለዱ መቶ ወንዶች ሦስቱ ያህል እንዲህ ናቸው፤ የአብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ ይወርዳል። ያንተ አልወረደም። ሐኪሞች ቀዶ ጥገናው ሕፃኑ አንድ ዓመት ተኩል ሳይሞላው ቢደረግ ይመርጣሉ። እኔ ግን «ሲያድግ ይወርዳል» ያለኝን ሁሉ እየሰማሁ ቀዶ ጥገናው የተደረገልህ አምስት ዓመት ሲሞላህ ነው፤ ጠባሳዋም የዚያ ናት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቡአ ነው ያልሁህም የሰፈር ልጆች እንዳይስቁብህ ነበር።

እንዲህ ሆኖ የተወለደ ሰው በቆለጥ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል፤ ቀዶ ጥገናው ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ዕድሜውን በሒሳብ መምህርነት የፈጀ ሰው ነኝና ቁጥሩንም ልንገርህ። በዓለም ላይ በወንዶች ከሚታየው ካንሰር 1 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። በአሜሪካ ከ250 ወንዶች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይያዛል፤ በኖርዌይና በዴንማርክ ይበዛል፣ በአፍሪካ ግን ጥቂት ነው። የሚያሳስበኝ ዕድሜው ነው፤ ከሽማግሌው ይልቅ ከ15 እስከ 35 ዓመት ያለውን ጎልማሳ ይፈልጋል። እኔ አልፌዋለሁ፤ አንተ መካከሉ ላይ ነህ።

የኮትዲቯሩን አጥቂ ሴባስቲያን ሃለርን ታስታውሳለህ? በየካቲት 2016 በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ናይጄሪያ ላይ የማሸነፊያዋን ጎል ሲያገባ ዘለህ ቡናዬን የደፋህብኝ። ያ ሰው ሐምሌ 2014 የጀርመኑ ክለብ ዶርትሙንድ በገባ በሳምንታት ውስጥ ይኸው ካንሰር ተገኘበት፤ ዕድሜው 28 ነበር። ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ ኬሞቴራፒ የሚሉትን የካንሰር መድኃኒትም ወስዶ በስድስት ወር ሜዳ ተመለሰ። በጊዜ ከተደረሰበት ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነውና። ያን ማታ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ምንጣፉን ስንጠርግ አለፈ።

አሁን የምለምንህ ይህን ነው። በወር አንድ ጊዜ ሙቅ ውሃ ታጠብና (የመኝታ ክፍላችሁ ቧንቧ በረዶ መሆኑን አውቃለሁ፣ ባልዲ አሙቅ) እያንዳንዱን ቆለጥህን በአውራ ጣትህና በሌሎቹ ጣቶችህ መካከል ቀስ አድርገህ አንከባልል። ከበስተኋላ የምትዳስሳት ለስላሳ ገመድ መሳይ ነገር የተፈጥሮ ናት፣ አትደንግጥባት። አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ቢበልጥም ችግር የለውም። የምትፈልገው እንደ ሽምብራ የጠጠረ እብጠት ወይም ቀድሞ ያልነበረ ክብደት ነው። ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሰውም የሚዘናጋው ለዚህ ነው። ካገኘህ ሳታድር ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ሐኪሟ ሴት ብትሆንም አትፈር። አንዱ ቢወጣ እንኳ በቀረው ልጅ የወለዱ ብዙ ናቸው።

ደብዳቤው ሲደርስህ ደውልልኝ። ስለ ዝናብ አላወራም።

አባትህ