ለአባባ ጆሮ የላክኋቸው ድንጋዮች

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኅዳር

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እማማስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፣ ሥራው እንደተለመደው ነው።

ባለፈው በስልክ የነገርሽኝ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አባባ እንግዳ ካልመጣ በቀር የጆሮ መስሚያ መሣሪያቸውን አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል አልሽኝ። «ልጄ በሰው አገር ለፍቶ የሚልከው የባትሪ ድንጋይ በከንቱ አይለቅ» ይላሉ አልሽኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ ለእሳቸውም ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። መስሚያውን አድርገው ይስሙ እንጂ አውልቀው አይሁን።

ይህ ድንጋይ እንደ ሬዲዮ ድንጋይ አይደለም። ዚንክ ኤር ይባላል። ውስጡ ያለው ዚንክ ነው፣ ሌላውን የሚያስፈልገውን ኦክስጅን የሚወስደው ከአየር ነው። ለዚህ ነው እንዲያ አንሶ ብዙ የሚያገለግለው፤ ቦታው ሁሉ ለዚንኩ ተርፏል። ጀርባው ላይ ያለችው ባለ ቀለም ልጣፍ ትንንሾቹን የአየር ቀዳዳዎች ደፍናለች። እሷ እስካልተነሳች ድረስ ድንጋዩ እንደተኛ ነው፤ በደህና ቦታ ከተቀመጠ 3 ዓመት ያህል ይቆያል። አንዴ ከተነሳች ግን አየር ገባ ማለት ነው። መልሶ መለጠፍ ብዙም አያድነውም። መስሚያው ቢሠራም ባይሠራም ውስጡ ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አለቀለት።

ስለዚህ አባባ ቀን ቀን አውልቀው ሲያስቀምጡት የሚያተርፉት በጣም ትንሽ ነው። የሚያጡት ግን ብዙ ነው። የእማማን ወሬ ያጣሉ። የልጆቹን ጥያቄ ያጣሉ። በአታ ማኅሌት ቆመው ከበሮውን እየሰሙ ቃሉ ያመልጣቸዋል። እርጅና ከጆሮ ቀድሞ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ ከበሮ ይቀራል፣ «ሰ» እና «ፈ» ይጠፋሉ። አቋቋም እየሰማ ጎንደር ላይ ላደገ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ አንቺም ታውቂዋለሽ። የድንጋዩ ወጪ የኔ ጉዳይ ነው። እሳቸው ከጠዋት እስከ ማታ ይስሙ፤ እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ማታ ሲተኙ ግን የድንጋዩን በር ከፍተሽ አሳድሪው። ያኔ መስሚያው ሥራ ያቆማል፣ የቀኑ ላብና እርጥበትም ይወጣለታል። በክረምት ይህን እንዳትረሺ፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ እርጥበቱ መስሚያውንም ያበላሸዋል።

አዲስ ስትቀይሪ እጅሽን ታጥበሽ በደንብ አድርቂ። ቅቤ ወይም ቅባት የነካው ጣት ቀዳዳውን ይደፍናል። ልጣፉን አንሺና ቶሎ አታስገቢው። ቀዳዳው ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ 5 ደቂቃ ያህል ይቀመጥ፣ አየር ይሳብ። ብዙ ሰው ይህችን ነገር ይዘልላትና «ድንጋዩ ደካማ ነው» ይላል። ከዚያ አስገብተሽ በሩን ዝጊ፤ በሩ እምቢ ካለ ድንጋዩ ተገልብጧል ማለት ነው፣ አትግፊው። መሥራቱን ለማወቅ መስሚያውን በመዳፍሽ ጨበጥ አድርጊው። ካፏጨ ደህና ነው። በአዲስ ድንጋይም ዝም ካለ፣ ሌላ ድንጋይ ከማባከንሽ በፊት ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጫፍ በኩክ ተደፍኖ እንደሆነ እዪው።

ድንገት ቢያልቅም አትደንግጪ። ይህ ዓይነቱ ድንጋይ እስከ መጨረሻው እኩል ይሠራና በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ከመውደቁ በፊት መስሚያው ጢጥ ጢጥ ይላል። አባባ ጢጥታውን ሲሰሙ ይንገሩሽ።

አሁን ስለ መግዛቱ። የአባባ ብርቱካናማ ነው፣ ቁጥሩ 13። ማሸጊያው ላይ ፒአር 48 ተብሎም ይጻፋል። ቢጫው 10 ነው፣ ቡናማው 312፣ ሰማያዊው 675። ቀለሙ በየትኛውም ፋብሪካ አንድ ነው፣ ስለዚህ ስሙን ትተሽ ቀለሙንና ቁጥሩን እዪ። ቀጥሎ ጀርባው ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን አንብቢ። አራዳ ስትጠይቂ የሰዓት ድንጋይ አውጥቶ «ያው ነው፣ ይገጥማል» የሚልሽ ይኖራል። እውነት ነው፣ ልኩ እኩል የሆነ የሰዓት ድንጋይ አለ። ግን የአየር ቀዳዳ የለውም፣ የሚይዘውም ኃይል በጣም ያንሳል። ቶሎ ይሞትና አባባን ያናድዳቸዋል። ተዪው።

ባለ 13ቱ አንዱ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ያገለግላል። ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው፤ በበጋ ደረቅ ነው። ሁለቱም ለዚህ ድንጋይ አይመቹትም። ማሸጊያው ላይ ካለው ትንሽ ቢያጥር ተታለልኩ አትበዪ።

በቻርጅ የሚሠራ ለምን አልላክህም ብለሽ ነበር። እዚህ ብዙ ሰው ወደዚያ ዞሯል። ግን ያ በየሌሊቱ መብራት ይፈልጋል። መብራት በጠፋ ቁጥር አባባ ጠዋት ደንቁረው ከሚነሡ፣ ድንጋዩ ይሻላል ብዬ ነው።

ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጪ፣ ሲወጣ ያልበዋል። ቴሌቪዥኑ ላይም ፀሐይ ያለበት መስኮት ላይም አይሁን። ቁም ሣጥኑ ውስጥ በማሸጊያው ይቀመጥ። አባባ አንድ ሁለቱን ፈታ አድርገው ኮታቸው ኪስ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር እንዳይዙት ንገሪያቸው። ብረት ለብረት ሲነካካ ይሞቃል፣ ኃይሉም ይፈሳል።

ከሁሉም በላይ የማሳስብሽ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ነው። ከድንጋዩ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ እንዳይሆን። መጠኑ ይቀራረባል፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ ሽማግሎች ኪኒና መስሏቸው የዋጡበት ጊዜ አለ። ልጆቹም እንደዚሁ። ያለቀውን እንኳ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ከፍ አድርጊው። ከልጆቹ አንዱ ከዋጠው ወይም አፍንጫው ውስጥ ከከተተው እንዲያስታውክ አታድርጊ፣ ምንም ሳትጠብቂ ሆስፒታል ሩጪ። ያለቀውን ከሰል ላይ አትጣዪ፤ ሊፈነዳ ይችላል።

ለጥምቀት የሚመጣ የሰፈር ልጅ አግኝቻለሁ፣ በእሱ እጅ እልካለሁ። ብዙ አላደርገውም፤ ተቀምጦ ቀኑ ከሚያልፍ ሌላ ጊዜ በሌላ ሰው እልካለሁ። ከዚያ በፊት የሁለቱንም መስሚያ በር ከፍተሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ግራውም 13 መሆኑን አይቼ ልግዛ።

ወንድምሽ