ከመኪና ወደ ቤት የሚዘረጋው ገመድ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በባሕር ዳር ጎዳናዎች የኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ክረምት ገብቶ ነፋስና መብረቅ መስመር ሲበጥስ፣ ባለመኪናው ግቢው ውስጥ የቆመውን ትልቅ ባትሪ ማሰቡ አይቀርም። እኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኞችም «ከመኪናው ለቤቱ መብራት አውጡልኝ» እየተባልን ነው። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። ጭስ የለውም፤ እንደ ጄኔሬተርም ሰፈር አይረብሽም። የምጽፈው አሠራሩ ስላስፈራኝ ነው።

ከሁሉ የከፋውን ላስቀድም። በሁለቱም ጫፉ ስፒና ያለው ገመድ አሠርቶ፣ አንዱን ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ቤት ወደሚጠቀምበት መብራት የሚቀይረው መሣሪያ) ላይ፣ ሌላውን የግድግዳ ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን በሙሉ ማብራት የሚፈልግ ሰው አለ። ዋናው ብሬከር ካልወረደ ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወጥቶ የመንገዱን መስመር ይይዛል። «ኢንቨርተሩ የሰፈሩን ጭነት ስለማይችል ወዲያው ይጠፋል» ይሉኛል። መስመሩ እዚያው አጠገብ ተበጥሶ ከሆነስ? የሚከብደው ጭነት ስለሌለ ላይጠፋ ይችላል። ትራንስፎርመሩም በተቃራኒው ከተመገበ 220ውን ቮልት ወደ ሺዎች ከፍ አድርጎ ወደ ዋናው መስመር ይልከዋል። መስመር ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣው ልጅ ግን መብራት የለም ብሎ ነው እጁን የሚዘረጋው። ብሬከሩን አወርዳለሁ ማለት አይበቃም፤ በጨለማና በጥድፊያ ሰው ይረሳል። ወይ ቤቱን በአንድ ጊዜ ከመንገዱ መስመር ወይም ከኢንቨርተሩ ጋር ብቻ የሚያገናኘው፣ ቼንጅኦቨር የሚባለው መቀያየሪያ በባለሙያ ይገጠም፣ ወይ ማከፋፈያ ከኢንቨርተሩ በቀጥታ ተስቦ ዕቃዎቹ እዚያ ላይ ይሰኩ። ሁለተኛው ለአብዛኛው ቤት ይበቃል።

ኢንቨርተሩ የሚታሰረው በትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ላይ ነው። ብርቱካንማ ገመዶች ያሉት ትልቁ ባትሪ በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ስለሚሠራ ማንም ሊከፍተው አይገባም። ከ12 ቮልት 1000 ዋት ለማውጣት ወደ 90 አምፔር ይሳባል፤ ቀጭን ገመድ ይህን ተሸክሞ አያድርም። ገመዱ ወፍራምና አጭር ይሁን፤ ፊውዙም ከባትሪው ጫፍ ሥር ይግባ። መኪናው ለመንዳት ዝግጁ ሆኖ ካልበራ ደግሞ በብዙዎቹ ሞዴሎች ትልቁ ባትሪ ትንሿን ያለማቋረጥ አይሞላትም። እርሷ ካለቀች ትልቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አልነሣ ይላል።

በዚህ መንገድ ፍሪጅ፣ አምፖሎች፣ ቴሌቪዥንና ዋይፋይ ይሠራሉ። በአማካይ 250 ዋት ቢወስዱ በ10 ሰዓት ውስጥ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ከ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 4 በመቶ ገደማ። መኪናው በርቶ ሲያድር ለራሱ የሚወስደው በዚህ ላይ ይጨመራል። ከ3000 ዋት በላይ የሚጠይቀው የእንጀራ ምጣድ ግን አይታሰብ። በጣና ዳር ቆሮሶና አምባዛ በፍሪዘር ለሚያቆዩ ነጋዴዎች አንድ ነገር ልንገር፦ የፍሪዘር ሞተር ሲነሣ ለቅጽበት ከተጻፈበት ዋት ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ስለዚህ ኢንቨርተሩ ይህን የሚችል፣ ንጹሕ ሳይን ዌቭ፣ ማለትም እንደ መደበኛው መብራት ለስላሳ ሞገድ፣ የሚያወጣም ይሁን። እንዲህ ያልሆነው ርካሽ ኢንቨርተር ሞተሩን እያሞቀ ይጎዳዋል።

አንዳንድ መኪኖች፣ ብዙ የቢዋይዲ ሞዴሎችን ጨምሮ፣ በቻርጅ መሙያው ቀዳዳ በሚገባ ማገናኛ 220 ቮልት ራሳቸው ይሰጣሉ። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው በትንሿ ባትሪ ላይ መድከም አያስፈልገውም፤ ከቤቱ መስመር ጋር የማገናኘቱ አደጋ ግን ያው ነው። አስመጪዎች የሚሸጡት መኪና ይህ እንዳለውና ስንት ዋት እንደሚችል በአማርኛ ጽፈው ለገዢው ቢሰጡ ብዙ ሽቦ ከመቃጠል ይድናል። መብራት ኃይልም ያለ መቀያየሪያ ከቤት መስመር ጋር ማገናኘት ክልክል መሆኑን በየአገልግሎት መስጫው ቢለጥፍ፣ ቀድመው የሚተርፉት የራሱ የመስመር ሠራተኞች ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ
ከባሕር ዳር